ያቺን ሚጢጢ ቺፕ ተውናት

ተማሪዎቼ በሚሠሩት ቦርድ ላይ 12 ቮልቱን ወደ 5 የምታወርደው ቺፕ የሩዝ ፍሬ የምታክል፣ ገጹ ላይ የምትለጠፍ ነበረች። እግሮቿ ከመጠጋጋታቸው የተነሳ የብየዳው እርሳስ ሁለቱን ያያይዛቸዋል፣ ሆዷ ሥር ያለውን የሚበየድ ቦታ ደግሞ በተራ መበየጃ መድረስ አይቻልም። ግማሹ ቦርድ አልነሳ አለ።

መጀመሪያ 7805 የሚባለውን ባለ 5 ቮልት ማውረጃ ቺፕ ሞከርኩ። ቀላል ነው፣ ግን 400 ሚሊአምፔር ሲሳብበት 2.8 ዋት ሙቀት ሆኖ ይወጣል። ጣቴን አስነክቼ ወዲያው ነው የመለስኩት።

ያዋጣኝ ባለ 5 ቮልቱ ኤልኤም2574 ነው፤ ይሄ ቺፕ ቮልቱን የሚያወርደው ቶሎ ቶሎ እየበራና እየጠፋ ነው። ስምንት እግር ያለው፣ በቀዳዳ የሚገባውን ዓይነት ማለቴ ነው። ሶኬት ላይ ስለሚቀመጥ ቢቃጠልም ነቅሎ መቀየር ነው። እስከ ግማሽ አምፔር ይሰጣል። 330 ማይክሮሄንሪ ኢንዳክተር (የሽቦ ጥቅል)፣ መግቢያው ላይ አንድ ካፓሲተር፣ መውጫው ላይ 220 ማይክሮፋራድ ካፓሲተር፣ አንድ ዳዮድ (ኤሌክትሪክን ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ)፣ አለቀ። የማብሪያ ማጥፊያ እግሩን ከግራውንድ (ከኔጌቲቩ መስመር) ማገናኘት እንዳትረሱ ብቻ።

ዳዮዱ ላይ ግን ተሸወድኩ። እጄ ላይ የነበረውን 1ኤን4007 ሰካሁና ጋለ። ቺፑ በሴኮንድ 52 ሺህ ጊዜ ይበራል ይጠፋል፣ ያ ዳዮድ ደግሞ ለዚህ ዘገምተኛ ነው። በ1ኤን5819 ስቀይረው ቀዘቀዘ። የመግቢያውን ካፓሲተርም ቺፑ እግር ጥግ አድርጉት፤ እኔ በረጅም ሽቦ አገናኝቼው 5 ቮልቱ ሲዘል ነበር።