ሊንክድኢን ወይስ ቻትጂፒቲ? በጉግል ትሬንድስ ማወዳደር

ሰው ጉግል ላይ ምን ያህል ምን እንደሚፈልግ በግራፍ የሚያሳየውን ጉግል ትሬንድስን ክፈቱና ሊንክድኢንን ጻፉ። ከታች ምርጫዎች ይመጣሉ፤ «የፍለጋ ቃል» የሚለውን ተዉትና ርዕስ የሆነውን ምረጡ። ርዕስ በአማርኛም በእንግሊዝኛም የተፈለገውን አንድ ላይ ይሰበስባል። ቀጥሎ ቻትጂፒቲን ጨምሩ። ከሁለት በላይም ማወዳደር ይቻላል፤ እኔ ግን ከ3 በላይ አልወድም፣ መስመሮቹ ይተራመሳሉ።

አገሩን ኢትዮጵያ አድርጉት። ጊዜውን ከ2022 መጀመሪያ አስነሱት፤ ቻትጂፒቲ የወጣው እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 30 ቀን 2022 ስለሆነ ከዚያ በፊት የሚታይ ነገር የለም።

አሁን ብዙ ሰው የሚሸወድበት ቦታ ላይ ደረስን። ግራፉ ላይ ያለው 100 ማለት መቶ ሰው አይደለም። በመረጣችሁት ጊዜና ቦታ ፍለጋው ጣራ የነካበት ነጥብ ነው። 50 የዚያ ግማሽ ነው። ስለዚህ በብዛት የሚፈለግ ሦስተኛ ስም ስትጨምሩ የፊተኞቹ ድንገት ዝቅ ይላሉ። ሰው ትቷቸው አይደለም፤ መለኪያው ተቀይሮ ነው።

ፍለጋ ደግሞ አጠቃቀም ማለት አይደለም። የአክስቴ ልጅ ቀኑን ሙሉ ቴሌግራም ላይ ተጥዶ ይውላል። አፑ ስልኩ ላይ አለ፣ ጉግል ላይ ምን ብሎ ይፈልገዋል? እሱን የመሰለው ሁሉ እዚህ ግራፍ ላይ የለም።

የመስመሩ ጫፍ ነጠብጣብ ከሆነ ዳታው ገና አልተሟላም። ወረደ ብላችሁ አትደንግጡ።