አካባቢን የማይጎዳ ሠርግ ስትደግሱ ከእነዚህ ስህተቶች ተጠንቀቁ

"ሠርጋችን አካባቢን የማይጎዳ ይሁን" ብለው የሚመጡ ጥንዶች እየበዙ ነው። ደስ ይለኛል። ብዙዎቹ ግን የሚጨነቁት ለጥሪ ካርዱ ነው። ካርዱን በቴሌግራም መላክ ጥሩ ነው፤ ትልቁ ጉዳት ያለው ግን ጓዳ ውስጥ ነው።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ሐሜት ፈርቶ መደገስ ነው። 300 ሰው ተጠርቶ ለ500 ይሠራል። እናት "አነሰ ከሚባል ይትረፍ" ይላሉ፣ አባት በሬ ይጨምራሉ። ቡፌው ይዘረጋል። እንግዳው ሳህኑን ቆልሎ ግማሹን ሳይነካ ለጭፈራ ይነሳል። ማታ ዶሮ ወጡ፣ ክትፎውና ሰላጣው ከሶፍትና ከጠርሙስ ክዳን ጋር አንድ ማዳበሪያ ውስጥ ይጠቀጠቃል። ባየሁት ቁጥር ያንገበግበኛል! ያ ጤፍ ስንት ገበሬ የደከመበት ነው። ያ በሬ ስንት ዓመት ሣር የጋጠ ነው። ምግቡ ከቆሻሻ ጋር ተቀብሮ ሲበሰብስ ደግሞ ሚቴን ያወጣል፤ ሚቴን ከካርቦን ዳይኦክሳይድ እጅግ የበለጠ ሙቀት የሚያምቅ ጋዝ ነው። የአዲስ አበባ ቆሻሻ ለዓመታት የተከመረበት ቆሼ በመጋቢት 2009 ዓ.ም. ተንዶ ከ110 በላይ ሰዎች ሞተዋል። የምንጥለው ነገር የሚከመረው ሰው አጠገብ ነው።

እንግዲህ የሚመጣውን ሰው ደውላችሁ አረጋግጡ። ምግቡ በአስተናጋጅ ይታደል፣ መድገም የፈለገ ይደገምለት። ወጡ ከድስቱ ጥቂት ጥቂት እየተጨለፈ ይውጣ። ሳህን ላይ የተረፈ ለሰው አይሰጥም፣ ድስት ውስጥ የቀረ ግን ይሰጣል። እንደ መቄዶንያ ላለ ማዕከል ልትሰጡ ካሰባችሁ ከሠርጉ በፊት ተነጋገሩ፤ ማታ 4 ሰዓት ላይ መኪና ፍለጋ አያዋጣም። የተረፈው ጥሬ ሥጋ ቋንጣ፣ እንጀራው ድርቆሽ ይሆናል። እናቶቻችን ይህን ያውቁበታል።

የጾም ምግቡንም ጥግ ላይ አትደብቁት። ምስርና ሽሮ ከበሬ ሥጋ በጣም ያነሰ መሬትና ውሃ ነው የሚፈልጉት፤ በደንብ ከተሠሩ ደግሞ ቀድመው ያልቃሉ።

ሁለተኛው ስህተት የወረቀት ሳህን መግዛት ነው። ብዙው በስስ ፕላስቲክ የተለበጠ ስለሆነ እንደ ተራ ወረቀት አይበሰብስም። የሰፈራችሁ እድር ሳህንም፣ ብርጭቆም፣ ድስትም፣ ድንኳንም አለው። ተከራዩ፣ ለአጣቢዎቹም በደንብ ክፈሉ።

ግማሽ ሊትር የታሸገ ውሃ በየጠረጴዛው አትደርድሩ፤ በጆግ ይቀዳ።

ዲኮር ላይ "አይጠወልግም" ተብሎ የፕላስቲክ አበባ ይገዛል። ሆለታና ዝዋይ ጽጌረዳ እያመረቱ ይህ ለምን ይሆናል? አበባው የሚሰካበት አረንጓዴ ስፖንጅም ፕላስቲክ ነው፤ ተፈርፍሮ ከአፈሩ ጋር ይቀላቀላል እንጂ አይበሰብስም። ባለሙያውን ውሃ በያዘ ማሰሮ እንዲሠራላችሁ ጠይቁ። ለወለሉ ቄጤማ ይበቃል።

አጃቢውን በየመኪናው ከመበተን አውቶቡስ ይሻላል። ለሚዜዎች ደግሞ አንዴ ተለብሶ ቁም ሣጥን ውስጥ የሚቀር ልብስ አታሰፉ፤ የሽሮ ሜዳ ጥበብ ለጥምቀትም ለፋሲካም ይለበሳል።

በመጨረሻ፣ ቤተሰብ ሳያውቅ አታቅዱ። አንዲት ሙሽራ ሁሉን ነገር በልኩ አዘጋጅታ ነበር። አጎቷ ግን የነገራቸው ሰው አልነበረም። በዋዜማው፣ እንዳያፍሩ ብለው፣ ሁለተኛ በሬ ነድተው መጡ። ከፍቅር ነውና ማን ይመልሳቸዋል? በሬው ታረደ። ሽምግልናው እንዳለቀ አጎትንም አክስትንም ሰብስባችሁ የእንግዳውን ቁጥር ከነምክንያቱ አስረዷቸው። ካመኑበት ሐሜቱን የሚመልሱላችሁ እነሱው ናቸው።