«ፔሮ»ን እና «ዮ»ን እንዴት እንደተገላገልኩ

ኮሌጅ ስፓኒሽ ስማር ሁለት ነገር ይዞኝ ነበር፣ ሁለቱም ስለተፈቱልኝ ለሚጠቅመው ልጻፈው። አንደኛው ንግግር ነው። «ፔሮ» ሲላላ «ግን» ነው፣ ሲጠብቅ «ውሻ»። እኔ ሁለቱንም አላላቸው ነበር። ምላሴን ለማንቀጥቀጥ ስንት ቀን ታገልኩ። ከዚያ አንድ ማለዳ ኮዬ ፈጬ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ አንዲት እናት «ኑሮ መረረን እኮ» ሲሉ ሰማሁ፤ የመጀመሪያዋ «ረ» ጥብቅ ናት፣ ምላስ ላይ ትርገበገባለች። በቃ፣ ያችኑ ይዤ «መረረ፣ ፔሮ፣ መረረ፣ ፔሮ» እያልኩ ስልኬ ላይ ድምፄን ቀዳሁ። በሳምንቱ ልዩነቱ ቁልጭ ብሎ ተሰማኝ።

ጽሑፉ ደግሞ ሌላ ነው። ድርሰቴ ሲመለስልኝ በየዓረፍተ ነገሩ መጀመሪያ ያለው «ዮ»፣ ማለትም «እኔ»፣ በቀይ ተከቧል። ለካ በእንግሊዝኛ እያሰብኩ ነው የምጽፈው። እኛ «እናገራለሁ» ካልን «እኔ» ምን ያደርጋል? ስፓኒሽም እንደዚሁ ነው፣ «አብሎ» ብቻ ይበቃል። «ዮ» የሚገባው «እሷ ሳትሆን እኔ» ለማለት ሲፈለግ ነው። አሁን መጀመሪያ በአማርኛ አስባለሁ። ባለፈው ድርሰቴ አንድም «ዮ» አልተከበበም። የቀሩኝ «ሴር» እና «ኤስታር» ናቸው፣ ሁለቱም «ነው» እየሆኑብኝ።