የድሮ ግቢያችሁን ልታዩ ደሴና ኮምቦልቻ ስትመጡ እነዚህን አታድርጉ

በየባቹ የቴሌግራም ግሩፕ በዓመት አንዴ "ኧረ ግቢ እንሂድ" የሚል ሰው ይነሳል፣ የዶርም ፎቶ ይለቀቃል፣ ሁሉም ልብ ያስቀምጣል፣ ከዛ ዝም። ግን የምር የሚመጡም አሉ፣ እኔ ደግሞ ከተመረቅኩ በኋላ እዚሁ ደሴ ስለቀረሁ ሁሉም ሲመጣ የሚደውለው ለኔ ነው። የወሎ ዩኒቨርሲቲ ልጅ ናፍቆት ይዞት መጥቶ ተኮራርፎ ሲመለስ ስላየሁ ነው ይሄን የምጽፈው። ብዙው ብስጭት በትንሽ ነገር የሚመጣ ነው።

መቼም አንደኛው ስህተት ሳይጠይቁ መምጣት ነው። ድሮ ካሌንደሩ የታወቀ ነበር፣ መስከረም ጥቅምት ይገባል ሰኔ ሐምሌ ይወጣል። ከኮሮናና ከጦርነቱ በኋላ ግን ተዘበራርቋል፣ እናንተ ግቢው ሞልቶ ታገኙታላችሁ ባላችሁበት ወር ተማሪው ቤቱ ሊሆን ይችላል። ከአዲስ አበባ 400 ኪሎሜትር ተነድቶ ተመጥቶ ባዶ ዶርምና የተዘጋ ካፌ ማየት ደስ አይልም፣ ስለዚህ አሁን እዛ የሚማር የሰፈር ልጅ ወይ የአክስት ልጅ ፈልጋችሁ ቀድማችሁ ደውሉ። ሐምሌና ነሐሴም አልመክርም፣ የደሴን ጉም ረስታችሁት ከሆነ የጦሳን ተራራ ከኋላ አድርጋችሁ የምትነሱት ፎቶ ላይ ጦሳ የለም፣ ነጭ ብቻ ነው። የምረቃ ሰሞን ደግሞ ይብሳል፣ አልጋ አይገኝም፣ ከተገኘም ዋጋው ሌላ ነው፣ በሩ ላይ ያለው ወላጅና አበባ ሻጭ ብቻውን ያደክማል።

በሩ ላይ ስትደርሱ "እኔ እኮ እዚህ ነው የተማርኩት" ብሎ መግባት የሚመስላቸው አሉ። ጥበቃው ምን ያውቃል? እናንተ ስትማሩ የነበሩት ጋሼ ምናልባት ጡረታ ወጥተዋል፣ አሁን ያለው ልጅ እናንተን አይቷችሁ አያውቅም፣ ስራው ደግሞ የማያውቀውን ሰው ማስቆም ነው። ፋይዳ ወይ የቀበሌ መታወቂያ ያዙ፣ የድሮው የተማሪ መታወቂያ ካልጠፋባችሁ እሱንም ጨምሩ (ፎቶው ያስቃቸዋል፣ ያ ደግሞ ይጠቅማል)፣ ውስጥ የምታውቁት አስተማሪ ካለ ከመድረሳችሁ በፊት ደውላችሁ ንገሩት። ላፕቶፕ ከያዛችሁ ስትገቡ አስመዝግቡ፣ ያላስመዘገባችሁትን ስትወጡ የኔ ነው ማለት ጣጣ ነው። ዋናው ግን አትጩሁ፣ "ማናጀር ነኝ፣ ኢንጂነር ነኝ" አትበሉ። ሰላምታችሁን አስቀድሙ፣ "ወንድሜ እንዴት ዋላችሁ" ብሎ የጀመረ ሰውና መኪናው ውስጥ ሆኖ ክላክስ የሚያደርግ ሰው እኩል አይስተናገዱም።

ሁለቱን ግቢ በአንድ ከሰዓት ለመጨረስ መሞከርም አለ። በተለይ ባለትዳሮች፣ እሷ ደሴ ግቢ የተማረች እሱ ኪዮት (ኮምቦልቻ ያለው የዩኒቨርሲቲው የቴክኖሎጂ ግቢ)፣ ሁለቱም የየራሳቸውን ማሳየት ይፈልጋሉ። ደሴና ኮምቦልቻ መሃል ያለው መንገድ 25 ኪሎሜትር አካባቢ ቢሆንም የሐረጎን ቁልቁለት ለረሳ ሰው ነው አጭር የሚመስለው፣ ጠመዝማዛው ላይ ከባድ መኪና ከፊት ከገጠማችሁ ተከትሎ መውረድ ነው፣ ጉም ካለ ደግሞ ቀደማ እንዳታስቡ። ልብሱም ሌላ ነው፣ ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ላይ ናት ኮምቦልቻ ወደ 1,850 ትወርዳለች፣ ጠዋት ኮምቦልቻ በቲሸርት ቁርስ የበላ ሰው ማታ ፒያሳ ላይ ጋቢ ሲለምን አይቻለሁ። ለየግቢው አንድ አንድ ቀን ስጡ በቃ።

አሁን ትንሽ ከበድ ያለው። ብዙ ሰው ከ2014 በፊት የተመረቀ ነው፣ ግቢው እንደተወው ያለ ይመስለዋል። በጥቅምት 2014 ደሴና ኮምቦልቻ በህወሓት ኃይሎች ተይዘው ኅዳር 27 አካባቢ ነው የተመለሱት፣ በዛ መሃል ሁለቱም ግቢ ተዘርፏል፣ ኮምፒውተሩም የላብራቶሪ ዕቃውም ሄዷል፣ ከዛ በኋላ ቀስ እየተባለ ነው የተተካው። ስለዚህ "ያ ላብ የታለ፣ ይሄ ደሞ ለምን እንዲህ ሆነ" እያላችሁ እንደ ኦዲተር አትዙሩ። ከዛ የባሰው ደግሞ በወሬ መሃል "በጦርነቱ ጊዜ የት ነበራችሁ፣ ምን አያችሁ" ብሎ መጠየቅ ነው። የላይብረሪ ሰራተኛዋ በእግሯ ልጅ አዝላ ወጥታ ሊሆን ይችላል፣ ወይ የሞተባት ሰው ሊኖር ይችላል፣ እናንተ ለሽርሽር መጥታችሁ እሷ ስራ ላይ ቆማ የሚነገር ነገር አይደለም። ራሷ ካነሳችው አዳምጡ፣ ካላነሳችው ስለ ልጆቿ ጠይቋት። አንዳንዱ የተጎዳ ግድግዳ ፊት ቆሞ ሰልፊ ይነሳል፣ ይሄን ምን ብዬ እንደምገልጸው አላውቅም፣ ብቻ አታድርጉት።

"በኛ ጊዜ" ለፍሬሽ አታውሩ። በኛ ጊዜ ካፌው እንዲህ ነበር፣ በኛ ጊዜ ውሃ በጄሪካን ነበር የምንቀዳው፣ በኛ ጊዜ ላይብረሪ ስፔስ ለመያዝ ሌሊት ነበር የምንነሳው። ልጁ ነገ ሚድ አለበት! ማውራት ካማራችሁ ላውንጅ ወስዳችሁ ምሳ ጋብዙት፣ በተለይ ነን ካፌ (ግቢ ካፌ የማይበላ) ከሆነ የወር መጨረሻ ላይ እንዴት እንደሚያድር እናንተ ታውቃላችሁ፣ ያኔ ራሱ ይጠይቃችኋል። የድሮ ዶርማችሁን ለማየት ደግሞ ፕሮክተሩን (የዶርም ኃላፊውን) አስፈቅዱ፣ ሰው የሚተኛበት ቤት ነው።

ሬጅስትራር ጉዳይ ካላችሁ ከናፍቆቱ ጋር አታደባልቁት። ኦሪጅናል ዲግሪ የሚወስድ፣ ኦፊሻል ትራንስክሪፕት የሚያስልክ፣ ኮስት ሼሪንግ የሚጨርስ ሰው አርብ መጥቶ ጉድ ይሆናል። አርብ ከ5:30 እስከ 7:30 የምሳና የጁምዓ ሰዓት ነው፣ ከዛ በኋላ የምትቀረው ሰዓት ላይ አንድ ፊርማ ከጎደለ እስከ ሰኞ መጠበቅ ነው። ሐሙስ ጠዋት ኑ፣ ወረቀቱን ጨርሱ፣ ከዛ በነጻነት ዙሩ።

እኔን ግን ከሁሉም በላይ የሚያናድደኝ ከበሩ ውጪ ያሉትን ሰዎች መርሳት ነው። ግቢ ግቢ እንላለን እንጂ ግማሹ ኑሯችን ከበሩ ውጪ ነበር እኮ። ዱቤ የሰጠችን እትዬ፣ አሳይንመንት በኪሳራ ኮፒ ያደረገልን ልጅ፣ ሳንቲም ሳይኖረን ጫማ የጠረገልን። ሰው ውስጥ ሶስት ሰዓት ዞሮ፣ ህንጻውን በቪዲዮ ቀርጾ፣ እነሱን መኪና ውስጥ ሆኖ እጁን አውለብልቦላቸው ያልፋል። መጀመሪያ እነሱ ጋ ሂዱ። ዱቤ ሳትከፍሉ የወጣችሁም ትኖራላችሁ፣ ደብተሩ ላይ ሳይኖር አይቀርም፣ ባይኖርም ክፈሉ፣ እምቢ ካለች ለልጆቿ ብላችሁ ስጧት። ቡና ካፈላችላችሁ ደግሞ አቦል ጠጥቶ ሰዓት ማየት የለም፣ ወሎ ውስጥ በረካ ሳይደርስ የተነሳ እንግዳ የተጣላ ነው የሚመስለው። ቡናው ሁለት ሰዓት ከወሰደ ይውሰድ፣ የመጣችሁበት ወሬ ያለው እዛ ነው፣ ማን እንዳገባ ማን እንደሞተ የትኛው አስተማሪ ዲን እንደሆነ እሷ ታውቃለች።

ገንዘብ ሳይሰበስቡ ብዙ ሰው መጥራትም ያው ነው፣ ኮሜንት ላይ "ኢንሻአላህ አለሁ" ያለ ሁሉ አይቆጠርም። የላከ ብቻ ነው የመጣ።

የድሮ ፍቅረኛ የቆመበትን ዛፍ ለሚስት ማሳየትስ? ይቅር።

በመጨረሻ ሁሉም ሃይቅ እንሂድ ይላል፣ ቅርብ ናት፣ ከደሴ 30 ኪሎሜትር ገደማ፣ ዓሳውም አለ። ግን እዛ ያለው እስጢፋኖስ ገዳም ሴት አይገባም፣ ይሄን እዛ ደርሳችሁ አትንገሯቸው። የባቹ ሴቶች ከአዲስ አበባ ተዘጋጅተው መጥተው በር ላይ ሲመለሱ ወንዶቹ ገብተው አንድ ሰዓት ይቆያሉ፣ ሲመለሱ ዓሳው አልቋል፣ ሚኒባሱ ውስጥ ማንም ማንንም አያናግርም፣ እስከ ደሴ ድረስ የማስታርቀው እኔ ነኝ።