በትንሽ ፋይል የሚቆም የማስታወቂያ ገቢ፦ አድስ ዶት ቲኤክስቲ ስናስገባ የምንሠራቸው ስህተቶች

ቤቱን የሚሸጥ ሰው በሩ ላይ «ይህን ቤት እንዲያሻሽጡ የፈቀድኩላቸው ደላሎች እነዚህ ብቻ ናቸው» ብሎ ስማቸውን ቢለጥፍ፣ ስሙ የሌለበትን ደላላ የሚያምን ገዢ አይኖርም። አድስ ዶት ቲኤክስቲ (ads.txt) የሚባለው ፋይል ለድረ ገጽ የሚሠራው ይህንኑ ነው። የማስታወቂያ ቦታችሁን መሸጥ የተፈቀደላቸውን ድርጅቶች ይዘረዝራል፤ ገዢዎቹም ገንዘብ ከማውጣታቸው በፊት ያዩታል። አሠራሩን የኢንተርኔት ማስታወቂያ ደረጃዎችን የሚያዘጋጀው አይኤቢ ቴክ ላብ ያወጣው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው፤ በታወቁ ድረ ገጾች ስም የሐሰት የማስታወቂያ ቦታ የሚቸበችቡ አጭበርባሪዎች በዝተው ነበር። በዚያው ዓመት የእንግሊዙ ጋዜጣ ፋይናንሻል ታይምስ ባደረገው ማጣራት፣ በስሙ የሚሸጠው የሐሰት ቦታ በወር 1 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ እንደሚያወጣ ገምቷል።

ፋይሉ ጥቂት መስመር ብቻ ነው። ሰው ግን ወራት የለፋበትን ድረ ገጽ እዚህ ጋ ሲያደናቅፈው ሳይ ያሳዝነኛል።

የመጀመሪያው ስህተት ቦታውን መሳት ነው። ብዙ ሰው በድረ ገጽ መሥሪያው ላይ አዲስ ገጽ ከፍቶ፣ የፋይሉን ስም ርዕስ አድርጎ ጽሑፉን ይለጥፋል። ለዓይን ደህና ይመስላል፤ የሚያነበው ማሽን ግን የሚያገኘው ከነሜኑው፣ ከነሥዕሉ ሙሉ ገጽ ነው። የሚፈልገው ምንም ያልተጨመረበት ጽሑፉን ብቻ ነው። ብሎገር የምትጠቀሙ ከሆነ ሴቲንግስ ውስጥ ሞኒታይዜሽን የሚለው ክፍል ላይ ማብሪያው አለ፤ እሱን አብርታችሁ ከሥሩ ባለው ሳጥን ውስጥ መለጠፍ ነው። በራሳችሁ ሆስቲንግ ላይ ዎርድፕረስ ካላችሁ ደግሞ በሚዲያ በኩል አትጫኑት፤ አፕሎድስ ፎልደር ውስጥ ይቀበራል። በሲፓነል (በሆስቲንጉ መቆጣጠሪያ ገጽ) ገብታችሁ የድረ ገጹ ዋና ፎልደር ውስጥ አስቀምጡት፤ አብዛኛውን ጊዜ ፐብሊክ ኤችቲኤምኤል የሚባለው ነው።

ሁለተኛው የመለያ ቁጥሩ ነው። የጉግል የማስታወቂያ አገልግሎት የሆነው አድሴንስ በሚሰጣችሁ የማስታወቂያ ኮድ ውስጥ ቁጥሩ «ሲኤ-ፐብ» ብሎ ይጀምራል። ፋይሉ ውስጥ ግን «ሲኤ» የሚለው ይቀራል፤ «ፐብ» ብሎ 16 አሃዝ ይከተላል። በመስመሩ መጨረሻ ያለው የፊደልና የቁጥር ድብልቅ ለጉግል ተጠቃሚዎች ሁሉ አንድ ስለሆነ አትንኩት።

ሦስተኛው እኛን አማርኛ ጸሐፊዎችን ለይቶ የሚያገኝ ነው። የምግብ አሠራር የምትጽፍ ጓደኛዬ ሁለት ሳምንት ሙሉ «ያልተፈቀደ» የሚል ማስጠንቀቂያ እየመጣባት ተቸገረች። ቁጥሩን ፊደል በፊደል አስተያየን፤ ልክ ነው። በኋላ የስልኳን ስክሪን አጉልተን ስናይ፣ ከቁጥሩ ቀጥሎ ያለው ኮማ የእኛው ነጠላ ሰረዝ ነው። ኪቦርዷ አማርኛ ላይ እንዳለ አጥፍታ ስትጽፍ የገባ ነበር። ማሽኑ መስመሩን የሚከፋፍለው በላቲኑ ኮማ ስለሆነ፣ በእኛ ሰረዝ ሙሉው መስመር ይበላሽበታል። ስለዚህ ከአካውንታችሁ ላይ ቀጥታ ኮፒ አድርጉ፤ በእጅ አትጻፉ፤ ዎርድ ውስጥም አታሳልፉት። ኖትፓድ ላይ ሴቭ ስታደርጉ ደግሞ «ቲኤክስቲ» ሁለት ጊዜ እንዳይደገም የፋይሉን ስም እዩ። ሁሉም ትንንሽ የላቲን ፊደል ይሁን።

ከሁሉ የከፋው ግን የነበረውን መደምሰስ ነው። ሁለተኛ የማስታወቂያ ድርጅት ትጨምራላችሁ፤ የራሱን መስመሮች ይልክላችኋል፤ እናንተም የድሮውን አጥፍታችሁ እሱን ትለጥፋላችሁ። ፋይሉ ጨርሶ ባይኖር ኖሮ ገዢው የሚያመሳክርበት ዝርዝር የለውም ማለት ነው። ፋይል ካለ ግን ስሙ ያልተጻፈ ሁሉ እንዳልተፈቀደለት ይቆጠራል። ስለዚህ ግማሽ የተጻፈ ፋይል ከሌለው የባሰ ነው ብል አላጋነንኩም። አዲሱን ከድሮው በታች በየራሱ መስመር ጨምሩ፤ ከመንካታችሁ በፊትም የነበረውን ሌላ ቦታ አስቀምጡ።

የሚላክላችሁን ረጅም ዝርዝር ሳታዩ መቀበልም ጥሩ አይደለም። «ዳይሬክት» ማለት አካውንቱን በቀጥታ የምታስተዳድሩት እናንተ ናችሁ ማለት ነው፤ «ሪሴለር» ደግሞ ሌላው ተቀብሎ እንዲሸጥላችሁ ፈቅዳችኋል ማለት ነው። እያንዳንዱ መስመር በእናንተ ስም የተሰጠ ውክልና ነው። የማታውቁት ስም ካለ የላከውን ድርጅት ጠይቁ፤ ካልመለሰላችሁ አታስገቡት።

የመጨረሻው ችኮላ ነው። ዛሬ አስገብቶ ነገ ማስጠንቀቂያው ስላልጠፋ የሚያጠፋ፣ መልሶ የሚጭን አለ። ጉግል ለውጡን ለማየት ጥቂት ቀናት ይፈጅበታል፤ ማስታወቂያ ብዙም በማይታይበት ድረ ገጽ እስከ አንድ ወር ሊሄድ ይችላል። እስከዚያ ራሳችሁ አጣሩ። አካውንት ባልገባችሁበት መስኮት የድረ ገጻችሁን አድራሻ፣ ቀጥሎ አንድ እዝባር፣ ቀጥሎ የፋይሉን ስም ጻፉ። አንዴ ከነሦስቱ ዳብልዩ (www)፣ አንዴ ያለሱ ሞክሩት። በነጭ ገጽ ላይ መስመሮቹ ብቻ ከመጡ ሌላ የምትነኩት ነገር የለም።