ባለሥልጣኑን እሱ ራሱ ከሚቆጣጠረው ኩባንያ ጋር ምን ያገናኘዋል? በአሜሪካ እንዴት እንደሚጣራ

እ.ኤ.አ. በጥር 2011 የስልክና የብሮድካስት ሥራን የሚቆጣጠረው የአሜሪካ ፌዴራል ኮሙዩኒኬሽን ኮሚሽን፣ የኬብል ኩባንያው ኮምካስት የቴሌቪዥንና የፊልም ኩባንያውን ኤንቢሲ ዩኒቨርሳልን በእጁ እንዲያስገባ 4 ለ 1 ፈቀደ። ከፈቀዱት አንዷ የኮሚሽኑ አባል ሜሬዲት አትዌል ቤከር ነበሩ። በግንቦት ደግሞ ኮምካስት እንደቀጠራቸው ተሰማ። እሳቸው የሥራው ወሬ የመጣው በሚያዝያ ነው አሉ፤ ሕግ ጣሱ ተብለውም አልተከሰሱም።

እንዲህ ያለው ነገር ሲያጠራጥራችሁ ከሐሜት በፊት ወረቀቱን አውጡ።

ከፍተኛ የፌዴራል ባለሥልጣናት ፎርም 278ኢ የሚባል የሀብት ማሳወቂያ ይሞላሉ። የመንግሥት ሥነ ምግባር ቢሮ ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይገኛል። አንዳንዱ ወዲያው ይከፈታል፤ ለሌላው ፎርም 201 ሞልቶ መጠየቅ ነው። ታዲያ ጥያቄያችሁም ለሕዝብ ክፍት ነው፤ ማን እንደጠየቀ ይታያል።

ሰው ሁሉ ወደ አክሲዮኑ ይሮጣል። እኔ ግን ከክፍል 3 ጀምሩ እላለሁ። ከቀድሞ ቀጣሪው ጋር ያለው ውል እዚያ ነው፦ ጡረታ፣ ያልተከፈለ ቦነስ፣ ተመልሶ የመቀጠር ስምምነት። ቀጥሎ ክፍል 4ን እዩ። በዓመት ከ5,000 ዶላር በላይ ያስገኙለት እዚህ ይዘረዘራሉ፤ ጠበቃ ከነበረ ደንበኞቹ ጭምር። ይህን ክፍል የምታገኙት ለሹመት ሲታጭ ወይም ሥራ ሲጀምር በሞላው ፎርም ላይ ነው። በዓመታዊው ላይ ፈልጋችሁ አትድከሙ።

የትዳር ጓደኛ ነገር ክፍል 5 ላይ፣ ሌላው ሀብት ክፍል 6 ላይ ነው። ትክክለኛው ገንዘብ አይጻፍም፤ «ከ15,001 እስከ 50,000» እየተባለ ነው። በገበያ የሚሸጥ አክሲዮን የእሱ፣ የትዳር ጓደኛውና የትንንሽ ልጆቹ ተደምሮ ከ15,000 ዶላር ካላለፈ ሕጉ ያልፈዋል። ካለፈ፣ ያለ ልዩ ፈቃድ ያንን ኩባንያ የሚነካ ጉዳይ ላይ እጁን ማስገባት ወንጀል ነው። ብዙ ኩባንያ ያቀፈ የጋራ ፈንድ ካያችሁ ዝለሉት።

ሴኔት የሚያጸድቀው ሹም ከሆነ የሥነ ምግባር ስምምነት ደብዳቤውንም አውርዱ። ምን እንደሚሸጥና ከየትኛው ጉዳይ እንደሚርቅ ቃል የገባበት ነው። ለሽያጩ የሚሰጠው ጊዜ አብዛኛውን ጊዜ 90 ቀን ነው። ሸጧል ወይ? ሲሸጥና ሲገዛ የሚያቀርበው የግብይት ሪፖርት ይናገራል።

ዋናው ቀዳዳ ግን ቀጣዩ ሥራ ነው። ስለዚህ ኩባንያውን የሚመለከቱ ውሳኔዎችን ቀን በአንድ በኩል፣ የስንብቱንና የአዲሱን ቅጥር ቀን በሌላ በኩል ጻፉ። ከፍተኛ ባለሥልጣን ለ1 ዓመት የቀድሞ መሥሪያ ቤቱን ለሌላ ሰው ብሎ ማግባባት አይችልም። ከኩባንያው ደመወዝ መብላት ግን ይችላል።

ጠንከር ያለ ነገር ካገኛችሁ ለዚያው መሥሪያ ቤት ዋና ኢንስፔክተር፣ ማለትም ለውስጥ መርማሪው ጻፉ። የሥነ ምግባር ቢሮው ራሱ ግለሰብ አይመረምርም። ቀኑንና የፎርሙን ክፍል መጥቀስ አትርሱ።