የመገጣጠሚያ ሕመምን በምግብና በሰፕልመንት ለማስታገስ ሲሞከር መወገድ ያለባቸው ስህተቶች

በመድኃኒት ቤት ለዓመታት የሠራ ሰው፣ ጉልበቱን ደግፎ ወደ መስኮቱ የሚጠጋ ደንበኛ ምን ሊጠይቅ እንደመጣ ብዙ ጊዜ አስቀድሞ ያውቃል። «ለመገጣጠሚያ የሚሆን ጥሩ ቫይታሚን አላችሁ?» ይላል። ጥያቄው ነውር የለበትም፤ ምግብም ሆነ ሰፕልመንት በአንዳንድ የመገጣጠሚያ ሕመሞች ላይ የሚታይ ለውጥ ያመጣሉና። የሚያሳስበኝ ከእርሱ በፊት መመለስ የነበረበት «ሕመሙ ምን ዓይነት ነው?» የሚለው ጥያቄ መዘለሉ ነው፤ ከዚህ በታች የምዘረዝራቸው ስህተቶች አብዛኞቹ የሚመነጩት ከዚያ ነው።

የሕመሙን ዓይነት ሳያውቁ መጀመር

በዕድሜ፣ በክብደትና በጉዳት ምክንያት በመገጣጠሚያ ውስጥ የአጥንትን ጫፍ የሚሸፍነው ልም አጥንት ሲሳሳ የሚመጣው ኦስቲዮአርትራይተስ፣ የሰውነት መከላከያ ሥርዓት የራሱን መገጣጠሚያ ሲያጠቃ የሚከሰተው ሩማቶይድ አርትራይተስ፣ እንዲሁም በደም ውስጥ የበዛ ዩሪክ አሲድ በክሪስታል መልክ ሲከማች የሚቀሰቀሰው ጋውት ሦስት የተለያዩ በሽታዎች ናቸው። ለአንዱ የሚጠቅመው ምግብ ለሌላው ምንም ላይፈይድ ይችላል። በቁጥር ከሁሉ የሚበዛው የመጀመሪያው ቢሆንም፣ ሐኪም መርምሮ ሳይለይ «ጉልበት ያመኛል» የሚል ሰው ሁሉ ያው ነው ማለት አይቻልም።

በአገራችን ደግሞ ሌላ መታወቅ ያለበት ምክንያት አለ። ከከብት ጋር የሚውል አንድ ወጣት ወገቡንና ዳሌውን እያመመው፣ ማታ ማታ እያላበውና እያተኮሰው፣ አጥንቱን ለማጠንከር ብሎ ያልፈላ ወተት አብዝቶ ይጠጣ ነበር። በምርመራ የተገኘበት ብሩሴሎሲስ ሲሆን፣ ይህ በሽታ ወደ ሰው ከሚገባባቸው ዋነኛ መንገዶች አንዱ ያው ያልፈላ ወተት ነው። ሕክምናው ቢያንስ ስድስት ሳምንት የሚወሰድ የፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት እንጂ የምግብ ለውጥ አይደለም። ወተት አፍልተው ይጠጡ፤ ትኩሳትና የሌሊት ላብ ከመገጣጠሚያ ሕመም ጋር ከመጡም ሳይውሉ ሳያድሩ ይመርመሩ።

ዩሪክ አሲድ አለብዎት ሲባሉ ሽሮና ምስር መተው

ይህን ምክር ማን እንደጀመረው አላውቅም፤ ነገር ግን በየቤቱ ገብቷል። ጋውት ያለበት ሰው ሽሮ፣ ምስርና ባቄላ ይከለከልና በበዓል ቀን ዱለትና ጥሬ ሥጋ በቢራ ይቀርብለታል። በአሜሪካ ከ47,000 በላይ ወንዶችን ለ12 ዓመታት የተከታተለና እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ ጥናት ሥጋና የባሕር ምግብ የጋውትን ዕድል ሲጨምሩ፣ ፒዩሪን (በሰውነት ውስጥ ወደ ዩሪክ አሲድ የሚቀየር ንጥረ ነገር) ያላቸው የአትክልትና የጥራጥሬ ምግቦች ግን እንዳልጨመሩ፣ ወተትና የወተት ተዋጽኦ ደግሞ እንደቀነሱ አሳይቷል። ከአልኮል መጠጦችም ቢራ በተለይ ከፍ ያለ ስጋት አለው። ስለዚህ መቀነስ ያለበት ጉበት፣ ኩላሊትና ጨጓራ የሚገቡበት ዱለት፣ የሥጋው ብዛት፣ ቢራውና በስኳር የጣፈጠው ለስላሳ ነው። በጾም ወራት ከገበታው የሚቀረው ሽሮ ብቻ የሆነበትን ሰው ሽሮ ከልክሎ ማስራብ ተገቢ አይደለም። ይልቅስ ጾመኛው ከጾም ሲፈታ ውኃ በበቂ እንዲጠጣ መምከር ይገባል፤ የሰውነት መድረቅ ሕመሙን ሊቀሰቅስ ይችላልና።

ምግብ ማስተካከል የራሱ ገደብ እንዳለውም መታወቅ አለበት። ጥብቅ የአመጋገብ ለውጥ እንኳ በደም ያለውን ዩሪክ አሲድ የሚያወርደው በዴሲ ሊትር በ1 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። የሚፈለገው ከ6 በታች ማድረስ ስለሆነ፣ 10 ላይ ያለ ሰው በምግብ ብቻ እዚያ አይደርስም። ዩሪክ አሲድን የሚያወርደው አሎፕዩሪኖል የታዘዘለት ሰው ሕመሙ ሲተወው መድኃኒቱንም አብሮ መተዉ በተደጋጋሚ የማየው ሌላ ጥፋት ነው።

የሩማቶይድ መድኃኒትን በሰፕልመንት መተካት

እዚህ ላይ ድምፄን ከፍ አድርጌ መናገር እፈልጋለሁ፤ ከሌሎቹ ስህተቶች ሁሉ የማይመለስ ጉዳት ሲያደርስ ያየሁት ይህ ነውና። ሩማቶይድን የሚቆጣጠረውን ሜቶትሬክሴት ወይም ተመሳሳይ መድኃኒት የጀመረች እናት፣ ውጭ አገር ያለች ልጇ «ተፈጥሯዊ ነው፣ ጉበት አይጎዳም» ብላ የዓሣ ዘይት፣ የእርድና የኮላጅን ካፕሱሎች በሻንጣ ትልክላታለች። የልጅቷ ፍቅር አይጠረጠርም፤ ብዙ ደክማ የገዛችው ነው። እናትየው ግን መድኃኒቱን ታቆምና ካፕሱሉን ትጀምራለች። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ደህና ይመስላሉ፤ የመድኃኒቱ ውጤት ወዲያው አይጠፋምና። ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት እጅ መጨበጥ ያቅታል፣ ጣቶች ያብጣሉ፤ እንደገና ወደ ሐኪም ሲኬድ መገጣጠሚያው ተበልቶ፣ ጣቶቹም ወደ ጎን መዞር ጀምረው ይገኛሉ። በዚህ በሽታ የአጥንት መበላት በአብዛኛው የሚጀምረው በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው። የተበላውን አጥንት የሚመልስ ምግብ የለም፤ የሚመልስ ካፕሱልም የለም። የጣፈጠው ማስታወቂያ ይህን አይነግርዎትም፤ ስለዚህ እኔ እየነገርኩዎት ነው።

የዓሣ ዘይት በሩማቶይድ ላይ ዋጋ የለውም ማለቴ አይደለም። በቂ መጠን ለሦስት ወር ያህል ሲወሰድ የጠዋቱን የመገጣጠሚያ ግትርነትና የሕመም ማስታገሻ ፍላጎትን በመጠኑ እንደሚቀንስ በጥናት ታይቷል። ይህ ግን ከመድኃኒቱ ጋር ነው፤ በመድኃኒቱ ፈንታ አይደለም። ሜቶትሬክሴት ለሚወስድ ሰው በእውነት የሚያስፈልገው ሰፕልመንት ሐኪሙ የሚያዝለት ርካሹ ፎሊክ አሲድ ነው፤ የአፍ ቁስልን፣ የማቅለሽለሽንና የጉበት መቆጣትን ይቀንሳል። ለዚህ በሽታ ሜቶትሬክሴት የሚወሰደው በሳምንት አንድ ቀን ብቻ መሆኑንም ደግሜ ላስታውስ፤ በየቀኑ መዋጥ ሕይወት ያሳጣል።

የካፕሱሉን ፊት ብቻ ማንበብ

«1,000 ሚሊ ግራም የዓሣ ዘይት» የሚል ጽሑፍ የዘይቱን ክብደት እንጂ የሚፈለገውን ኦሜጋ 3 አይናገርም። ጀርባውን ሲያነቡ በተለመደው ዓይነት ውስጥ ኢፒኤና ዲኤችኤ የሚባሉት ሁለቱ የኦሜጋ 3 ዓይነቶች ተደምረው ብዙ ጊዜ 300 ሚሊ ግራም ብቻ ናቸው። ለሩማቶይድ ለውጥ ያሳዩት ጥናቶች በቀን ወደ 3 ግራም ስለተጠቀሙ፣ አንድ ካፕሱል የሚውጥ ሰው የዚያን አሥረኛ እየወሰደ «አልሠራልኝም» ይላል። መጠኑን በራስ ፈቃድ ማሳደግም አይገባም፤ በተለይ ዋርፋሪን የመሰለ ደም ማቅጠኛ የሚወስድ ሰው የዓሣ ዘይትን፣ ለልም አጥንት ተብሎ የሚሸጠውን ግሉኮሳሚንንና የእርድ ካፕሱልን ሐኪሙ ሳያውቅ መጀመር የለበትም።

ተልባም ኦሜጋ 3 አለው፤ ሰውነታችን ግን የተልባውን ዓይነት ወደ ኢፒኤ የሚቀይረው በጥቂቱ ብቻ ነው። ተልባ ጥሩ ምግብ ስለሆነ ይጠጡት፤ የዓሣ ዘይትን ይተካል ብለው ግን አይቁጠሩት። ዓሣ ለሚበላ ሰው አንድ ቆርቆሮ ሳርዲን ከብዙ ካፕሱሎች ይበልጣል፤ ከሐይቆቻችን የሚወጣው ቆሮሶ በአንጻሩ በፕሮቲን የበለጸገ ቢሆንም ኦሜጋ 3ው ከሳርዲን በጣም ያነሰ ነው።

ግሉኮሳሚን «ስለሚሸጥ ይሠራል» ማለት

እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ በ1,583 የጉልበት ኦስቲዮአርትራይተስ ታማሚዎች ላይ ተደርጎ ውጤቱ የታተመ ጥናት፣ ግሉኮሳሚንና አብሮት የሚሸጠው ኮንድሮይቲን በአጠቃላይ ሲታዩ መድኃኒት ከሌለበት ባዶ እንክብል የጎላ ልዩነት እንዳላመጡ አሳይቷል። ከዚያ ጥናት ሁሌም ለደንበኞቼ የምነግረው ሌላ ነገር ነው፤ ባዶውን እንክብል ከወሰዱት ከ100 ሰዎች 60 ያህሉ ሕመማቸው ቀንሷል። ስለዚህ ጎረቤትዎ «እኔን አሽሎኛል» ሲሉ ውሸት አልተናገሩም፤ ያሻላቸው ካፕሱሉ መሆኑን ግን ያ አያረጋግጥም። የአሜሪካ የሩማቶሎጂ ኮሌጅም (የመገጣጠሚያ በሽታ ሐኪሞች ማኅበር) እ.ኤ.አ. በ2019 መመሪያው ግሉኮሳሚን ለጉልበት ኦስቲዮአርትራይተስ እንዳይታዘዝ አጥብቆ መክሯል። መሞከር ካለብዎት ለሦስት ወር ሞክረው ለውጥ ከሌለ ያቁሙ፤ ለምግብ የሚሆነውን ገንዘብ ለዓመታት አይክፈሉበት።

በሁለት ቀን የሚያሽል «ተፈጥሯዊ» እንክብል

በፍጥነት የሚሠራ የመገጣጠሚያ ሰፕልመንት ሊያስደስትዎ ሳይሆን ሊያስጠረጥርዎ ይገባል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2022 አርትሪ ኪንግ በሚል ስም የሚሸጡ ምርቶች ውስጥ በመለያው ላይ ያልተጻፉ ዳይክሎፌናክ የሚባል የሕመም ማስታገሻና ዴክሳሜታዞን የሚባል ስቴሮይድ ማግኘቱን ገልጾ አስጠንቅቋል። ዳይክሎፌናክ ጨጓራና ኩላሊት ይጎዳል፤ ዴክሳሜታዞን ስኳርና ደም ግፊት ይጨምራል፣ ለረጅም ጊዜ ተወስዶ በድንገት ሲቆምም ለሕይወት ያሰጋል። እንዲህ ዓይነት ነገር ወስደው ከነበረ ዝም ብለው አይጣሉት፤ ብልቃጡን ይዘው ሐኪም ዘንድ ይቅረቡ።

እርድን በወጥ ውስጥ መብላትና የእርድ ካፕሱል መዋጥ አንድ አይደሉም። በዱቄቱ ውስጥ ኩርኩሚን የሚባለው ንጥረ ነገር ከ100 ግራም 3 ግራም ያህል ነው፤ ካፕሱሉ ግን ተጨምቆ የወጣና ብዙ ጊዜ በደንብ እንዲመጠጥ ከቁንዶ በርበሬ የተገኘ ንጥረ ነገር የተጨመረበት ነው። በዚህ ዓይነት ካፕሱሎች የጉበት ጉዳት የደረሰባቸው ሰዎች ተመዝግበዋል። በአልጫው ውስጥ ያለው እርድ አያስፈራም።

ክብደትን መዝለል

ለጉልበት ኦስቲዮአርትራይተስ ከየትኛውም እንክብል የሚበልጠውን ነገር ሳነሳ ሰዎች ቅር ይላቸዋል፤ ቢሆንም እላለሁ። ከሰውነት የሚቀነስ እያንዳንዱ 1 ኪሎ፣ በእያንዳንዱ እርምጃ ጉልበት ላይ የሚያርፈውን ጫና በ4 ኪሎ ያህል ይቀንሳል። በ454 ሰዎች ላይ ለ18 ወራት የተደረገና እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት፣ ምግብን ከመቀነስ ጋር እንቅስቃሴ ያደረጉት በአማካይ 10 ኪሎ ያህል እንደቀነሱና ሕመማቸውም እንቅስቃሴ ብቻ ካደረጉት ይበልጥ እንደቀነሰ አሳይቷል። የጾም ምግብ በራሱ ክብደት አይቀንስም፤ በዘይት የተንቆጠቆጠ ወጥ በሁለት እንጀራ ከበሉ ጾሙም ፍስኩም ለጉልበት ያው ነው። የወጡን ዘይት በማንኪያ መስፈር፣ አንዱን እንጀራ ማስቀረትና የጭን ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ መጀመር ወጪ የለውም።

ቫይታሚን ዲ እና ካልሲየም

በቤት ውስጥ ተዘግተው የሚውሉ ሰዎች፣ በተለይ በዓረብ አገሮች በቤት ሠራተኝነት ፀሐይ ሳያዩ የሚኖሩ እህቶቻችን፣ የቫይታሚን ዲ እጥረት ሊኖርባቸውና አጥንታቸውን ሊያማቸው ይችላል፤ ተመርምረው ቢወስዱት ይጠቅማቸዋል። እጥረት የሌለበት ሰው ግን ከሐኪም ትእዛዝ ውጪ በቀን ከ4,000 ዩኒት በላይ መውሰድ የለበትም፤ ሲበዛ በደም ያለውን ካልሲየም ከፍ አድርጎ ኩላሊት ይጎዳል። ካልሲየም ደግሞ ለአጥንት እንጂ ለልም አጥንት አይደለም፤ የቅልጥም ሾርባም ቢጣፍጥም ኮላጅኑ በሆድ ተፈጭቶ እንደ ማንኛውም ፕሮቲን ይሆናል።

የልጅን መገጣጠሚያ በምግብ ማከም

ይህ ፈጽሞ አይሞከርም። ከጉሮሮ ሕመም ሳምንታት በኋላ ከአንዱ መገጣጠሚያ ወደ ሌላው የሚዘዋወር ሕመምና እብጠት ያለበት ልጅ፣ የልብ ቫልቭን የሚያበላሽ የሩማቲክ ትኩሳት ሊኖርበት ስለሚችል፣ የሚያስፈልገው በዚያው ቀን መመርመርና በሽታው ከተረጋገጠም በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ ሳይቋረጥ የሚሰጠው የፔኒሲሊን መርፌ ነው።